ኢቲሲዲ፣ ኮንሱል ወይስ ዙኪፐር? በደሴና በኮምቦልቻ አነስተኛ ክላስተር ለሚያቋቁሙ

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ሦስት ሰርቨሮችን አስተሳስሮ ሥራ ለማስጀመር የሚያስብ ድርጅት፣ መሪው የትኛው ሰርቨር እንደሆነና የጋራው ቅንብር ምን እንደሚል ሁሉም በአንድ ቃል እንዲስማሙ የሚያደርግ አነስተኛ የቁልፍና እሴት ማከማቻ (እያንዳንዱን መረጃ በስሙ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር) ያስፈልገዋል። እንዲህ ያሉ ማከማቻዎች የሆኑትን ኢቲሲዲን፣ ኮንሱልንና ዙኪፐርን ያለ ክፍያ አውርዶ መጠቀም ስለሚቻል፣ ገንዘቡ የሚወጣው ለዲስክ፣ ለራምና መብራት ሲጠፋ ኃይል ለሚሰጠው ዩፒኤስ ነው።

በብዙ ሰርቨሮች ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረውን ኩበርኔቲስ ለሚጠቀም ሰው ምርጫው ኢቲሲዲ ነው። ይሁን እንጂ ኢቲሲዲ ወደ ማከማቻው የሚጻፍን መረጃ የሚያጸድቀው አብላጫው ሰርቨር በዲስኩ ላይ ካሰፈረው በኋላ በመሆኑ፣ ዲስኩ ከዘገየ ክላስተሩ በሙሉ ይዘገያል፤ መሪው እየሠራ መሆኑን ለማሳወቅ በየ100 ሚሊሰከንዱ የሚልከው ምልክት ለ1000 ሚሊሰከንድ ያህል ከጠፋ ደግሞ፣ ቅንብሩ እስካልተለወጠ ድረስ ሌሎቹ አዲስ መሪ መምረጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ አሮጌ ሃርድ ዲስክ አይግዙ፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ መረጃውን የሚጠብቅ ኤስኤስዲ ዋጋው ቢበልጥም የሚያዋጣው እሱ ነው። የማከማቻው ጣሪያ ቅንብሩ ካልተቀየረ 2 ጊጋባይት ስለሆነ፣ የእሴቶቹን የቆዩ ቅጂዎች በየጊዜው ማጽዳትም ግድ ነው።

ኮንሱል አገልግሎቶችን በስም ያገኛል፣ ጤንነታቸውንም ይከታተላል፤ ኩበርኔቲስ ለሌለው ቢሮ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር አንድ እሴት ከ512 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈቃዱ ስለተለወጠ፣ ምርቱን ለሌሎች በአገልግሎት መልክ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ውሉን አስቀድሞ ያንብብ።

ዙኪፐር በጃቫ የሚሠራ አንጋፋ ሲሆን፣ እንደ መረጃ ቋቱ ኤችቤዝ ዙኪፐርን የግድ የሚፈልግ ሶፍትዌር ከሌለ አዲስ ገዢ እንዲጀምርበት አልመክርም። የመልእክት ማስተላለፊያው ካፍካም ከ4.0 ስሪቱ ጀምሮ ትቶታል።

ከምርጫው ይልቅ ብዙዎችን የሚያስቸግረው አቀማመጡ ነው። ሁለት ሰርቨር ኮምቦልቻ፣ አንዱን ደሴ ማስቀመጥ አስተማማኝ ይመስላል፤ ነገር ግን መስመሩ ሲቋረጥ የደሴው ብቻውን አብላጫ ስለማይሆን መጻፍ ያቆማል፣ የኮምቦልቻው ቢሮ መብራት ሲያጣ ደግሞ ሁሉም ይቆማል። ሁለት ከተማ ብቻ ካለ፣ ሦስቱም በአንድ ሕንፃ ውስጥ በተለያየ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ወደ ሌላው ከተማ የሚሄደው በየዕለቱ የሚወሰድ መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ ያም ቅጂ በትክክል መመለሱ በሌላ ማሽን ላይ መሞከር አለበት።