ኮፕሪቭሽቲጻ፦ በነጋዴ ገንዘብ ተሠርታ በነጋዴ ገንዘብ የተረፈች ከተማ

ኮፕሪቭሽቲጻ በቡልጋሪያ፣ በስሬድና ጎራ ተራሮች መካከል፣ ከሶፊያ በስተምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ሁለት ሺህ ገደማ የሆኑ ትንሽ የማዘጋጃ ቤት ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ይህ እንደ ቆላ ሊቆጠር ይችላል፤ ክረምቷ ግን በረዶ የሚቆለልበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ከተማዋ ለጎብኚ የምታቀርበውን ዋና አገልግሎት፣ ማለትም ስድስት የቀድሞ መኖሪያ ቤቶችን በአንድ ቲኬት የሚያስጎበኘውን የቤተ መዘክር ጉብኝት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቅርስን ለማየት ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ድካሙን የሚክስ ጉብኝት ነው፤ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ደግሞ ከዚያም በላይ የሚያስተምር ነገር አለው።

ቡልጋሪያውያን «ብሔራዊ ትንሣኤ» የሚሉት ዘመን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ አገሪቱ ከቱርክ ኦቶማን አገዛዝ እስከወጣችበት እስከ 1878 ድረስ ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በእነዚያ ዓመታት በገዛ ቋንቋቸው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ፣ በ1870 ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው የራሷ አስተዳደር እንዲኖራት የሱልጣኑ ፈቃድ ተገኘ። የዚህ ሁሉ ወጪ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ኮፕሪቭሽቲጻን ማየት ይበቃዋል። የከተማዋ ሰዎች የከብትና የበግ ነጋዴዎች፣ ግብር ሰብሳቢዎች፣ የሱፍ ልብስ ሰፊዎችም ነበሩ፤ እስከ ቁስጥንጥንያና እስከ ግብፅ እየሄዱ ይነግዱ ነበር። ከተማዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ በሽፍቶች በተደጋጋሚ ተቃጥላለች። ዛሬ የሚታዩት ባለ ቀለም ግድግዳ ቤቶች፣ ከፍተኛ የድንጋይ አጥሮችና ሰፋፊ የእንጨት በሮች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ በንግድ ትርፍ የተሠሩ ናቸው።

ከስድስቱ ቤቶች ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ከ1853 እስከ 1856 የተሠራው የኦስሌኮቭ ቤት ነው። የፊት ለፊቱን ሰገነት የተሸከሙት ሦስት ምሰሶዎች ከሊባኖስ የመጡ የጥድ እንጨቶች እንደሆኑ ይነገራል፤ ግድግዳው ላይ ባለቤቱ በንግድ የሚያውቀውን ዓለም የሚያስታውሱ የሩቅ ከተሞች ሥዕሎች ይታያሉ። ኔንቾ ኦስሌኮቭ ሀብታም ሱፍ ነጋዴ ነበር፤ በኦቶማን አገዛዝ ላይ የተነሣው የ1876ቱ አመፅ ሲደገስ ግን ለዐማፅያኑ የደንብ ልብስ አሰፋ፤ በዚህም ምክንያት ተሰቅሎ ሞተ። ያጌጠውን ጣሪያ እያደነቀ የቆየ ጎብኚ ይህን ሲሰማ ቤቱን ሁለተኛ ዞሮ ማየት ይፈልጋል፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

በ1854 የተሠራው የሊዩቶቭ ቤት በጌጥ ከሁሉም ይበልጣል ቢባል አይበዛበትም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ከምድር ቤቱ ያለው የሱፍ ምንጣፍ ስብስብ ነው። ምንጣፎቹ ሳይፈተሉና ሳይሸመኑ፣ የበግ ጸጉር በውኃ እየራሰ እየተጠቀጠቀ እንዲጣበቅ ተደርጎ የተሠሩ ናቸው። የመንዝን ባናና ባርኖስ እየለበሰ ላደገ ሰው፣ የደጋ ብርድና የበግ ጸጉር በሌላ አገር ምን ዓይነት ሙያ እንደወለዱ ማየት ትልቅ ደስታ ነው፤ የእኛዎቹን ሸማኔዎች ይዤ በሄድኩ ብዬ ተመኝቻለሁ።

የቶዶር ካብሌሽኮቭ ቤት የአመፁ ቤት ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 1876፣ በአሮጌው የአውሮፓ (የጁልያን) አቆጣጠር፣ የኤፕሪል አመፅ በዚህች ከተማ በአንድ ድልድይ አጠገብ በተተኮሰ ጥይት ተጀመረ፤ ገና 25 ዓመት ገደማ የነበረው ካብሌሽኮቭም የአመፁን መጀመር በፓናግዩሪሽቴ ከተማ ላሉ ጓዶቹ የሚያበስረውን፣ «የደም ደብዳቤ» ተብሎ የሚታወቀውን መልእክት ላከ። አመፁ በጭካኔ ተደመሰሰ፤ የግፉ ወሬ አውሮፓን አናወጠ፤ በማግሥቱ ዓመትም የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ተከፈተ። ሌሎች ከተሞች ሲነዱ ኮፕሪቭሽቲጻ የተረፈችው ባለጸጎቿ ለቱርክ ሠራዊት ከባድ ጉቦ ከፍለው ነው። ስለ ጀግኖቹ በሰፊው የሚናገረው ጉብኝት ይህን ጉዳይ በጥቂት ቃል ማለፉ አላስደሰተኝም፤ ያ ገንዘብ ባይከፈል ኖሮ ዛሬ የሚጎበኝ ቤት አይኖርም ነበርና።

ከአመፁ መሪዎች አንዱ የነበረው የቤንኮቭስኪና የጸሐፊው ሊዩበን ካራቬሎቭ ቤቶች ታሪኩን ለሚከታተል ሰው ጠቃሚ ናቸው፤ ጊዜ ያጠረው ግን ቢያልፋቸው ብዙ አይቀርበትም። የገጣሚው ዲምቾ ደበልያኖቭ ትንሽ ቤት ግን መታለፍ የለበትም። ገጣሚው በ1887 እዚህ ተወልዶ በ1916 በጦር ሜዳ ሞተ፤ በመቃብሩ ላይ ኢቫን ላዛሮቭ የቀረጸው፣ ልጇን ተቀምጣ የምትጠብቅ እናት ሐውልት አለ።

የአገልግሎቱን ጉድለት በተመለከተ ሁለት ነገር ላንሣ። የባቡር ጣቢያው ከከተማዋ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በባቡር የሚሄድ ሰው ከጣቢያው የሚያደርሰውን መኪና አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ቤቶቹም የሚዘጉት በተለያየ ቀን ስለሆነ፣ ገሚሶቹ ሰኞ ገሚሶቹ ማክሰኞ፣ ስድስቱንም ማየት የሚፈልግ ሰው ከረቡዕ በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የካብሌሽኮቭ ቤት በተሠራበት በ1845 በአንኮበር የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ፤ ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባ ገበያ ደግሞ ከታጁራ የባሕር ዳርቻ በአፋር በረሃ አቋርጠው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ያራግፉ ነበር። ዛሬ አንኮበርን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይወጣል፣ ስለ ሣህለ ሥላሴና ስለ ምኒልክ ይሰማል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሸዋን መንግሥት ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ያቀረበለት ነጋዴ ስም በጉብኝቱ ውስጥ አይገባም። ኮፕሪቭሽቲጻ ቤተ መንግሥት የላትም፤ ያላት የልብስ ሰፊና የከብት ነጋዴ ቤት ነው፤ እያንዳንዱን ቤት ከባለቤቱ ስም፣ ከሥራውና ከፍጻሜው ጋር አያይዛ ስለምታሳይ ግን እንግዳው ዘመኑን ይረዳዋል። የአንኮበርን ኮረብታ፣ የአልዩ አምባን ገበያና የመንዝን የሱፍ ሙያ በአንድ ቲኬትና በአንድ ታሪክ ማያያዝ ለእኛም የሚቻል ነው፤ የአልዩ አምባን አሮጌ ቤቶችና የነጋዴ ቤተሰቦች ትውስታ የመመዝገቡ ሥራ ግን አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።

ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ሌሊቱን በከተማዋ እደሩ። ብዙው ጎብኚ ከሶፊያ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ ኦስሌኮቭንና ሊዩቶቭን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ካደራችሁ ግን የቀሩትን ቤቶችና የደበልያኖቭን መቃብር ሳትጣደፉ ለማየት ጠዋቱ ይበቃችኋል።