ሠራተኛ አገናኙ ቢሮ ፈጣን ነው፣ ውሉ ግን ለአንድ ወገን ያደላል

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ያለው የቤት ሠራተኛ አገናኝ ቢሮ ሥራው ፈጣን ነው። ጠዋት ደውዬ ለከሰዓት ቀጠሮ ሰጡኝ። በተያዥ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ተያዡን አስጠርተው፣ መታወቂያውን አይተው ነው የሚያስፈርሙት። ካልተግባባችሁ በሦስት ወር ውስጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ ሰው ያገናኛሉ። የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ለተቃረበ እናት ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። ከእኔ 1,500 ብር፣ ከቀጠርኳት ልጅ ደግሞ 1,000 ብር ይወስዳሉ። የእሷ ከመጀመሪያ ደመወዟ የሚቆረጥ ነው። ደመወዟ 5,000 ነው። ገና ሥራ ሳትጀምር ከአምስት አንዱ ሄደ ማለት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 181 ያጸደቀችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስምምነቱ በመርህ ደረጃ አገናኝ ድርጅት ሠራተኛውን እንዳያስከፍል ይከለክላል። ይሄን ለጸሐፊዋ ስነግራት «ሁሉም ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው እህቴ» አለችኝ። የልጅቷንም እኔ ከፈልኩ። ደረሰኝ የተቆረጠልኝ ግን ለ1,500ው ብቻ ነው።

መጠበቂያው ቦታ ሆድ ያባባል። ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፣ ልብሳቸውን የያዘው ፌስታል እግራቸው ሥር ነው። ቀጣሪ ሲገባ «እስቲ ተነሺ» ይባላሉ። ከእኔ ቀድማ የገባች ሴትዮ አንዷን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ወንድ ጓደኛ አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰውዬ ስልኩን እየነካካ ዝም አለ። ቢያንስ በመጋረጃ የተለየች ጥግ አዘጋጅተው ሁለቱን ወገኖች ለብቻቸው ማነጋገር ያቅታቸዋል? ቤቱ ሰፊ ነው፣ ቦታ ጠፍቶ አይደለም።

ባለቤቴ ቀደም ብሎ ብቻውን ሄዶ ነበር። «እመቤቲቱ ትምጣ» ብለው መለሱት። ደመወዙን የምንከፍለው ሁለታችን ነን፣ ልጁም የሁለታችን ነው። ቅጹ ላይ ግን የእሱን ስም የሚጠይቅ ቦታ የለም።

ዋናው ቅሬታዬ ውሉ ላይ ነው። ዕቃ ቢጠፋ፣ ዕቃ ቢሰበር፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ተያዡ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ሁሉም ተዘርዝሯል። የት ትተኛለች? መቼ ታርፋለች? ብትታመም ማን ያሳክማታል? ደመወዟ ቢዘገይስ? ስለዚህ አንድ መስመር አልተጻፈም።

እርግጥ ጥፋቱ የቢሮው ብቻ አይደለም። እኔ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዜ እንዳርፍ ይፈቅድልኛል። የሥራ ሰዓቴ በቀን ከ8 ሰዓት አይበልጥም፣ የሳምንት ዕረፍትም አለኝ። እኔ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ልጄን የምትይዝልኝ ሴት ግን ከዚያው አዋጅ ውጭ ናት። የእሷ ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ተብሎ ታልፏል። የእኔ መብት በእሷ ጫንቃ ላይ ቆሟል፣ እሷን የሚደግፋት ግን የለም። ይሄ ያንገበግበኛል።

የቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2601 ከአሠሪው ቤት የሚኖር ሠራተኛ መኝታው፣ ምግቡ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ጤናውንና ሞራሉን በሚጠብቅ መንገድ እንዲመቻች ያዛል። ደግ ነው። ግን ስንት ሰዓት ትሥራ? ስንት ቀን ትረፍ? ያን አይነግራችሁም። እንዲህ ሲሆን ውሉ ላይ የሚጻፈው ነገር ትልቅ ዋጋ አለው፣ ውሉን የሚያዘጋጀው ደግሞ ቢሮው ነው።

እኔ በብዕር ጨመርኩበት። እሁድ ሙሉ ቀን ዕረፍት። ቁልፍ ያለው የራሷ ክፍል። ስልኳ በእጇ። ብትታመም ማሳከሚያው ከእኛ። የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነፃ። ጸሐፊዋ አንብባ ስትጨርስ «ከአሁኑ እንዲህ ካስለመድሻት ታበላሻታለሽ» አለችኝ። ልጅቷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ የትምህርቱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «እትዬ፣ ይሄ የምር ነው?» አለችኝ። የምር ነው አልኳት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች።

ሌላው መታወቂያ ነው። ቢሮው የሠራተኞቹን ዋናውን መታወቂያ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። መታወቂያ በእጇ የሌለ ሴት እንዴት የባንክ ደብተር ታወጣለች? ሲም ካርድስ? ክፉ ቤት ብትገባ በምን ወጥታ ትሄዳለች? ፎቶ ኮፒ ይበቃል ብዬ ድርቅ አልኩ። አጉረመረሙ፣ በመጨረሻ ግን ሰጧት።

ለፍጥነት ከአምስት አምስት፣ ለተያዥ ማጣራት አራት፣ ለሰው አያያዝ አንድ ሰጥቻለሁ። እዚያው ቢሮ የምትሄዱ ካላችሁ የዕረፍት ቀኗንና መኝታዋን የሚገልጽ የራሳችሁን ውል ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲጨቃጨቁ ቆይተው ይፈርማሉ። ኮሚሽኗን እናንተ ክፈሉላት፣ ደረሰኝም ለሁለቱም ጠይቁ። ዋናው መታወቂያዋ እጇ ሳይገባ ደግሞ ከቢሮው እንዳትወጡ።