ለካውንቲያችን ጤና ቢሮ የቲቢ ክፍል ነርስ ምስጋና፣ ለወገኖቻችንም ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ በታላቅ ወንድሜ ፈቃድ የማቀርበው በሜሪላንድ በምንኖርበት ካውንቲ ጤና ቢሮ በቲቢ ክፍል የሚሠሩ አንዲት ነርስን በአደባባይ ለማመስገንና አገልግሎቱን ለማያውቁ ወገኖቼ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ያልጠቀስኩት ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው።

ወንድሜ ሳሉ አልለቅ ብሎት፣ ሌሊት ሌሊት በላብ እየተጠመቀና እየከሳ ሲሄድ አክታው ተመረመረና የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ተገኘበት። ሐኪሙም ላቦራቶሪውም ለአካባቢው ጤና ቢሮ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ ስላለባቸው፣ እኛ ገና ከድንጋጤያችን ሳንወጣ ነርሷ ደወሉልን። እውነት ለመናገር፣ በቤታችን ከበሽታው ይልቅ የተፈራው የሰው አፍ ነበር።

ነርሷ በአማርኛ አስተርጓሚ አማካይነት አጥብቀው የጠየቁት ወንድሜ ከማን ጋር፣ በምን ዓይነት ክፍል፣ ለምን ያህል ሰዓት እንደቆየ ነው። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር በመሆኑ የሚያሰጋው በተዘጋ ክፍል ረጅም ጊዜ አብሮ መቆየት እንጂ በአንድ ገበታ መብላት፣ መጎራረስ ወይም መጨባበጥ አለመሆኑን ሲያስረዱን፣ እናቴ ለብቻ ያስቀመጠችውን የወንድሜን ሳህንና ብርጭቆ አንስታ ከሌላው ዕቃ ጋር ቀላቀለችው። ከቤተሰቡ ሌላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አብረውት መዝሙር የሚያጠኑ ሰዎችም ለምርመራ ተጠሩ፤ የታመመው ማን እንደሆነ ግን ቢሮው ለአንዳቸውም አልተናገረም። ሰው መገመቱ አይቀርም፤ ወሬው ከቢሮው ግን አልወጣም።

በሕፃንነታችን የቲቢ መከላከያ የሆነውን የቢሲጂ ክትባት ለወሰድን ሰዎች የቆዳ ምርመራው ሊያሳስት ስለሚችል የደም ምርመራ ታዘዘልን። ሰውነት ለተሕዋሱ ምላሽ እስኪሰጥ ሳምንታት ስለሚፈጅበት፣ በመጀመሪያው ምርመራ ምንም ያልተገኘባቸው ሁሉ ከወንድሜ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ከቆዩበት ቀን ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቆይተው እንደገና ተመረመሩ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቶሎና በብርቱ ስለሚታመሙ፣ ትንሿ ልጄ ነጻ ብትባልም ሁለተኛው ምርመራ እስኪደርስ መከላከያ መድኃኒት ተጀመረላት። በእኔ ላይ የተገኘው ድብቅ ቲቢ ነው፤ ተሕዋሱ በሰውነት ውስጥ አለ፣ ግን አላሳመመም ማለት ነው። ድብቅ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ካልታከመ ግን ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ በሕይወት ዘመናቸው ወደ በሽታ ይለወጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚወሰደውን መድኃኒት ሰጡኝ።

የወንድሜ ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ነበር። ሪፋምፒን የተባለው መድኃኒት ሽንቱን ብርቱካንማ ሲያደርገው እንዳይደነግጥ ነርሷ አስቀድመው ነግረውታል። ክኒኑን ሲውጥ በስልኩ ቪዲዮ እንዲያዩት ሲጠይቁት ያላመኑት መስሎት ቅር ብሎት ነበር፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ሳሉ ሲቆምለት መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ የተቋረጠ ሕክምናም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊያስከትል ይችላል። በእኔ አስተያየት ወንድሜን እስከ መጨረሻው ያደረሰው ይህ ክትትል ነው። ከቤት እንዳይወጣ በታዘዘባቸው ሳምንታትም የበሽታውን ስም ሳይጠቅሱ ለአሠሪው ደብዳቤ ጽፈውለታል።

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል የምትኖሩ፣ ሳል 3 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየባችሁ ወይም ቲቢ ካለበት ሰው ጋር የኖራችሁ፣ ለካውንቲያችሁ ጤና ቢሮ ደውላችሁ የቲቢ ክፍሉን ጠይቁ። ወንድሜ ኢንሹራንስ ባይኖረውም በቢሮው ላገኘው ምርመራና መድኃኒት አንድም ብር አልከፈለም። አስተርጓሚ በነጻ ስለሚመደብላችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፤ ልጅ ፊት የማይነገር ጥያቄ ይነሳል። የቀድሞ የራጅ ወይም የቲቢ ሕክምና ማስረጃ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ።