«ይህ አውሮፕላን አይነሳም» ላሉን መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስማቸውን በአደባባይ እንዳላነሣ አጥብቀው ለለመኑኝ አንድ የአውሮፕላን መካኒክ የዘገየ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። ከዚሁ ጋር አነስተኛ አውሮፕላን ላላችሁም ሆነ ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖቼ ሥራቸውን መጠቆም እፈልጋለሁ። ሁላችንም «ጋሼ» ስለምንላቸው እዚህም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

የዓድዋ በዓል የዋለበት ሰኞ አልፎ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ የካቲት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2020) ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ ምዕራባዊ ክፍል የተነሣው ቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚነፍስ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ገና በመንገዱ መጀመሪያ ላይ የጆን ሲ ቲዩን አውሮፕላን ማረፊያን መታ። ይህ የግል አውሮፕላኖችና አነስተኛ ጄቶች የሚያርፉበት፣ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የሌለው ትንሽ ማረፊያ ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ 17 ሃንጋሮች (የአውሮፕላን መጠለያ ቤቶች) ፈረሱ፤ ከ90 በላይ አውሮፕላኖች ወደሙ ወይም ተጎዱ፤ በማረፊያው ሕንፃዎችና መሠረተ ልማት ላይ ብቻ የደረሰው ጉዳት በመጀመሪያው ግምት 93 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። በዚያ ሌሊት በቴነሲ ግዛት በተነሡት ቶርኔዶዎች 25 ሰዎች ሕይወታቸውን ስላጡ፣ ስለ ንብረት ማውራት እስካሁን ይከብደኛል። የምናገረው ግን ስለ ንብረት ብቻ አይደለም፤ ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ ከንፋሱ በኋላ እኛም የሰው ሕይወት ለአደጋ እናጋልጥ ነበር።

አራት ጓደኛሞች ሆነን ለዓመታት ቆጥበን የገዛናት በ1970ዎቹ የተሠራች ሴስና 172 (ባለ አራት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን) በዚያ ሌሊት ከቤት ውጭ፣ በማቆሚያው ሜዳ ላይ፣ ከሁለቱ ክንፎቿና ከጭራዋ በሦስት ቦታ ታስራ ነበር። ወደ ግቢው እንድንገባ ሲፈቀድልን ያየነውን አልረሳውም። አንዱ አውሮፕላን በሌላው ላይ ተገልብጧል፤ የሃንጋሮቹ ቆርቆሮ በአጥሩ ላይ ተጠምጥሟል፤ ከተቀደዱ የክንፍ ታንኮች የፈሰሰው ቤንዚን ይሸታል። የእኛዋ ግን በእግሯ ቆማ አገኘናት። የአንዱ ክንፍ ጫፍ ተሰንጥቋል፣ አንድ መስኮት ተሰብሯል፣ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተፍቋል፤ ሌላ ጉዳት በዓይን አይታይም ነበር። እንባ እየተናነቀን ፈጣሪን አመሰገንን።

መጀመሪያ ያያት ባለሙያ ሃያ ደቂቃ ያህል ዙሪያዋን ከተመለከተ በኋላ የክንፉ ጫፍና መስኮቱ ከተቀየሩ መብረር እንደምትችል ነገረን፤ እኛም መስማት የምንፈልገው ይህንኑ ስለነበር ወዲያው አመንነው። ከአራታችን አንዱ ብቻ «ጋሼም ቢያዩልን» አለ። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ በአየር መንገዱ ማሠልጠኛ የተማሩ፣ ወደ አሜሪካ ከመጡ በኋላም የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርን የመካኒክነት ፈቃድና ዓመታዊ ፍተሻ የመፈረም ሥልጣን ያገኙ ሰው ናቸው።

የመጡት በዐቢይ ጾም ነበር። እህል ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት ከክንፉ ሥር ተንጋለው ዋሉ። ከሁሉ አስቀድመው ባትሪውን ነቀሉ። ከዚያም በክንፎቹ ሆድ ላይ ያሉትን ክብ መፈተሻ ክዳኖች አንድም ሳያስቀሩ ፈትተው፣ በመስታወትና በባትሪ መብራት ውስጥ ውስጡን አዩ። መብራቱን በክንፉ ቆዳ ላይ ጎን ለጎን አጋድመው ሲያበሩት፣ በፀሐይ ብርሃን ለጥ ያለ ሆኖ ይታየን የነበረው አሉሚኒየም በቀኝ ክንፍ ላይ ሰያፍ የተጨማደደ መስመር አወጣ። ከመስመሩ አጠገብ በሚገኙት ሪቬቶች (የክንፉን ቆዳ የሚያያይዙ ምስማሮች) ዙሪያ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነበር። ሪቬት ሲላላ ብረቱ እርስ በርሱ እየተፋተገ የሚያወጣው ዱቄት እንደሆነ ያስረዱን ያን ጊዜ ነው። ክንፉን ከአካሉ ጋር ከሚያገናኙት ቦልቶች የኋለኛው የሚገባበት ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ሆኗል። አይሌሮኑን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለውን ተንቀሳቃሽ የክንፍ ክፍል) የሚያንቀሳቅሰው የክንፍ ውስጥ ክራንክ የታሰረበት ድጋፍ ተሰንጥቋል፤ የመቆጣጠሪያ ገመዶቹ ውጥረት ሲለካም ከጥገና መመሪያው ዝቅተኛ ወሰን በታች ሆኖ ተገኘ። በጭራዋ ላይ ደግሞ የራደሩን (አፍንጫዋን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ ክፍል) እንቅስቃሴ የሚገድቡት ማቆሚያዎች ታጥፈው ነበር።

ተነሥተው እጃቸውን ጠረጉና «ልጆቼ፣ ይህ አውሮፕላን አይነሳም፤ እኔም አልፈርምም» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ተቆጣ። እርሳቸው ግን ሳይከፉ አንድ በአንድ አስረዱን፤ ያ ማብራሪያ ለእኔ ከጥገናው የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ክንፍ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ይሁን በመሬት ላይ ታስሮ ይቁም አይለይም፤ ነፋስ እስካለፈበት ድረስ ወደ ላይ ይጎትታል። የእኛዋ ባዶዋን 700 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ስትሆን፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚነፍስ ንፋስ በተስማሚ አቅጣጫ ካገኛት ክብደቷን ሊሸከም ይቀርባል። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የማንሣት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ቶርኔዶ በመንገዱ ሁሉ ከታየበት ፍጥነት ከፍተኛው በሰዓት 165 ማይል (265 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ገና ወደዚያ ጉልበቱ ያልደረሰ ቢሆንም ሃንጋር ለማፍረስ በቅቷል። ስለዚህ ሰንሰለቶቹ አውሮፕላኗን መሬት ላይ ቢያስቀሯትም፣ መብረር የፈለገው ክንፍና መልቀቅ ያልፈለገው ማሰሪያ ሲጓተቱ ያደሩት በእርሷ አካል በኩል ነው። መሪውን የምንቆልፍበት ብረትም አይሌሮኑን የሚይዘው ከሩቅ፣ በገመዶቹ በኩል በመሆኑ፣ የንፋሱ ምት በሙሉ በገመዱና በክራንኩ ላይ አርፏል። ራደሩን ደግሞ ያ ብረት ጨርሶ አይቆልፈውም፤ ሌሊቱን ከማቆሚያው ጋር ሲጋጭ አድሯል።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን ባጭሩ ልናገር። ጋሼ የጻፉት ዝርዝር ዘገባ ከፎቶግራፎቹ ጋር ለኢንሹራንሱ ሲቀርብ፣ ቀድሞ ለቀለምና ለመስኮት ብቻ ሊከፈለን የነበረው ካሳ እንደገና ታየ። የቀኝ ክንፉ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር ተወሰነ። ወዲያው ኮሮና መጥቶ ሁሉም ነገር ሲዘጋጋ ዕቃ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ ያገለገለ ክንፍ ሲገኝም ጋሼ ሻጩ የሰጠውን ወረቀት ብቻ አላመኑም፤ እርሱንም ከፍተው ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመሩት። ፕሮፔለሯ ላይ ምንም የግጭት ምልክት ባይኖርም የሞተሩ ዘንግ ቀጥ ያለ መሆኑን በመለኪያ አረጋገጡ። የሠሩበትን ሰዓት በትክክል ጽፈው፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገው አስረከቡን። በመስከረም ወር መዝገቧ ላይ ፈርመው ሲጨርሱ ለመጀመሪያው በረራ አብረው ተሳፈሩ፤ ይህን ያደረጉት ማንም ሳይጠይቃቸው ነው።

ዛሬም ማዕበል ሲተነበይ ስልክ ይደውሉልናል። ጊዜ ካለ አውሮፕላኗን ከማዕበሉ መንገድ ማራቅ፣ ካልተቻለ ለራደሩ ከውጭ የሚገጠም መቆለፊያ ማድረግ፣ ከተፈጥሮ ቃጫ የተሠራ ገመድ ሲረጥብ ስለሚያጥርና ቶሎ ስለሚበሰብስ በናይለን መተካት እንደሚገባ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። ለቶርኔዶ ግን የሚበቃ ገመድ እንደሌለም አይደብቁም፤ በዚያ ሌሊት ሃንጋር ውስጥ የነበሩት አውሮፕላኖችም አልተረፉም። በር ሲሰበር ንፋሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ከሥር ስለሚያነሣው፣ ሕንፃው ራሱ በአውሮፕላኖቹ ላይ ይወድቃል።

ጋሼ አሁን ከቅጥር ሥራ ወጥተው በግላቸው ይሠራሉ። በናሽቪልና በአካባቢው ላላችሁ ባለቤቶች፣ በተለይም የበረራ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ያገለገለ አውሮፕላን ለመግዛት ለምታስቡ ወጣቶች፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት እርሳቸው እንዲያዩላችሁ ከልቤ እመክራለሁ። ማዕበል ያገኘው አውሮፕላን ቀለም ተቀብቶ ለገበያ ሲቀርብ፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋችኋል። ዋጋቸው ከሁሉ የረከሰ አይደለም፤ አይቸኩሉምም፤ ነገ መብረር አለብኝ ለሚል ሰው አይሆኑም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በግል መልእክት ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ በቅድሚያ የሚጠይቋችሁ የአውሮፕላኑን የጥገና መዝገብ ነውና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አዘጋጅታችሁ ጠብቋቸው።