ለአንደኛ ደረጃ ክፍል የሙዚቃና የፊልም መሥሪያ ሲመረጥ፦ ጋራጅባንድ ወይስ ባንድላብ? አይሙቪ ወይስ ክሊፕቻምፕ?

ለልጆች የሚመቹ የሙዚቃና የፊልም መሥሪያ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ በነፃ ስለሚገኙ፣ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በዋናነት የሚወጣው ለታብሌቱ ወይም ለላፕቶፑ፣ ለማይክሮፎኑና ለካሜራ መቆሚያው ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ያወዳደርኳቸው በሚሠሩት ነገር ብዛት አይደለም፤ አንድ ልጅ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሚሰማ ወይም የሚታይ ነገር ሊሠራባቸው ይችላል ወይ፣ የሠራውንስ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ያገኘዋል ወይ በሚሉት ጥያቄዎች ነው።

ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጆች ጉግል በ2016 ያወጣው ክሮም ሚውዚክ ላብ በቂ ነው። በብራውዘር ይከፈታል፤ የተጠቃሚ ስምም ሆነ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። በውስጡ ያለው ሶንግ ሜከር በትናንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ሰሌዳ ሲሆን፣ ልጁ ሳጥን በነካ ቁጥር ቦታው በቀለም ይሞላል፣ ድምፅም ይሰማል። መምህሩ አስቀድሞ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከመረጠለት፣ ልጁ የትኛውንም ሳጥን ቢነካ ለጆሮ የሚሻክር ነገር እምብዛም አይወጣም። ሆኖም የልጁን ዝማሬ ቀድቶ አያስቀምጥም፤ ዜማውም የሚቀመጠው በሊንክ ስለሆነ ሊንኩን ሳይዝ ገጹን የዘጋ ልጅ ሥራውን መልሶ አያገኘውም።

ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ምርጫው በጋራጅባንድና በባንድላብ መካከል ነው። ጋራጅባንድ የሚሠራው በአፕል መሣሪያዎች ብቻ ሲሆን፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያገለግላል፤ ጊታር ይዞ የማያውቅ ልጅም በአይፓዱ ላይ የተዘጋጁትን ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) በጣቱ እየነካ ጓደኛውን ማጀብ ይችላል። ገና ሲጀመር ግን የዘፈኑ አንድ ክፍል ርዝመት 8 ባር (እያንዳንዱ ባር አራት ምት) ብቻ በመሆኑ፣ መነሻው በሆነው በደቂቃ የ110 ምት ፍጥነት ቅጂው ከ17 ሰከንድ በኋላ ይቆማል። ግጥሙን ገና ያላጋመሰ ልጅ ያጠፋው እሱ እየመሰለው ይደነግጣል፤ መፍትሔው በላይኛው ቀኝ ጥግ ያለውን የመደመር ምልክት ነክቶ ርዝመቱን አውቶማቲክ ማድረግ ነው። ባንድላብ በበኩሉ በብራውዘር ስለሚሠራ ለክሮምቡክ (በጉግል ሥርዓት ለሚሠራ ላፕቶፕ) እና ለዊንዶውስ ላፕቶፕ ይሆናል፤ መምህሩም የልጆቹን ሥራ ከራሱ ገጽ ሆኖ ይከታተላል። ነገር ግን መወሰድ ያለበት ለትምህርት ቤት የተዘጋጀው ነው፤ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ባንድላብ ልጆችን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚያገናኝ ማኅበራዊ ገጽ አለው። የክፍሉ ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ልጆች በአንድ ጊዜ ሲከፍቱት ጊዜው በመጠበቅ ያልቃል። በሁለቱም ቢሆን የብሉቱዝ ማዳመጫ አይገዛ፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምት ጠብቆ መጫወት አይቻልም።

በፊልሙ በኩል መጀመሪያ የምመርጠው ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮን ነው፤ በአይፓድ፣ በአንድሮይድም ሆነ በዊንዶውስ ይሠራል፣ ለመነሻም ነፃው ይበቃል። ልጆቹ የጭቃ አሻንጉሊት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ ያነሳሉ፤ ያለፈው ፎቶ በስክሪኑ ላይ እንደ ጥላ ስለሚታያቸው ምን ያህል እንዳንቀሳቀሱት ያስተያያሉ። በሰከንድ 10 ፎቶ ቢሆን ለ10 ሰከንድ ፊልም 100 ፎቶ ስለሚያስፈልግ፣ አጭር ታሪክ መጻፍን ማንም ሳይነግራቸው ይማራሉ። ታብሌቱን በእጅ ይዞ ይህን መሥራት ግን አይቻልም፤ ለዚህ ነው መቆሚያ ከማንኛውም የሚከፈልበት ሶፍትዌር በፊት መገዛት ያለበት።

አይሙቪና ክሊፕቻምፕ ቆርጦ በመቀጠል ረገድ ለልጅ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ይችላሉ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ከቀረጻ በኋላ ነው። በአይፓድ የቀረጸ ልጅ እዚያው አይሙቪን ከፍቶ ይቆርጣል፤ በ2022 የተጨመረው የታሪክ ሰሌዳም ቀጥሎ ምን ዓይነት ምስል እንደሚቀረጽ ይጠቁመዋል። ማይክሮሶፍት በ2021 የገዛው ክሊፕቻምፕ ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ቢመጣም፣ በስልክ ወይም በካሜራ የተቀረጸው ቪዲዮ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ መዛወር አለበት፤ በኬብሎች መካከል የሚባክነው ጊዜም የክፍለ ጊዜውን ግማሽ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ለፊልም አይፓድን አስቀድማለሁ፤ ላፕቶፖች ቀድመው የተገዙ ከሆነ ግን ለዚህ ብቻ ተብሎ ሌላ ወጪ አይውጣ፤ መምህሩ ከክፍለ ጊዜው በፊት ቪዲዮዎቹን ቢያዛውር ይበቃል።

አይፓድ የሚገዛም ቢሆን ሁለት ነገር ይመልከት። በአይፓድ የ1080 ፒክስል ቪዲዮ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ ስድስት ቡድኖች አሥር አሥር ደቂቃ ቢቀርጹበት 3.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ አነስተኛ ማከማቻ ያለውን መምረጥ በኋላ ያስቸግራል። በ2022 የወጣው 10ኛ ትውልድ አይፓድ ደግሞ የማዳመጫ መሰኪያ የለውም፤ ትምህርት ቤቱ ባለ ገመድ ማዳመጫዎች ካሉት ማገናኛ አብሮ መግዛት ይኖርበታል።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ልጅ ይጠራና በሚገዛው መሣሪያ ላይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ይሥራ፤ ከዚያ መሣሪያው ጠፍቶ ይከፈትና ያው ልጅ ያለ ማንም እርዳታ ሥራውን ፈልጎ ያግኝ።