ጎንደር ላይ ጨረታ የምትገቡ ተቋራጮች፣ ይችን ልጅ እወቋት

ሰላም የጎንደር ወገኖቼ። ዛሬ ምስጋና ልጽፍ ነው፣ ለዚያውም ከልብ። ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ የምትሠራ እህት አለችን። ስሟን አደባባይ አላወጣውም፤ የፈለጋት በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እኔ አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ ነኝ። አጥር፣ መጸዳጃ ቤት፣ የመማሪያ ክፍል እድሳት፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የምይዘው። ድሮ ጨረታ ማለት ጋዜጣ ማገላበጥ፣ ሰነድ መግዛት፣ ዋናና ቅጂ እያሉ ገጹን ሁሉ ማህተም መምታት፣ ፖስታውን በሰም ማሸግ ነበር። አዲስ አበባ የሚከፈት ከሆነማ አንዲት ፖስታ ሳጥን ለመክተት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነው። አሁን የፌዴራል ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት፣ ኢጂፒ ወደምንለው፣ ገብቷል። እሰየው ነው። ግን ለኔ ቢጤ ዕድሜው ለገፋ ሰው ያን ሁሉ ቅጽ ኮምፒውተር ላይ መሙላት እንዲህ ቀላል አይደለም።

ይች ልጅ «የይለፍ ቃልዎን ይስጡኝና ይሂዱ» አትልም። ወንበር ስባ አጠገቧ ታስቀምጥሃለች። ኢሜይሉም ስልኩም ያንተ፣ የይለፍ ቃሉንም የምትጽፈው አንተው። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የግብር ክሊራንስ፣ ጊዜው ያለፈበት ካለ ገና ስካን ሳይደረግ ለይታ ትመልስልሃለች። ዋጋ ስንሞላ ቢኦኪውውን፣ የሥራውን ዓይነትና መጠን ዝርዝር ማለቴ ነው፣ ተራ በተራ ጮክ ብላ ታነባለች፤ በሜትር ኩብ የሚለካው በካሬ ከገባ ታስቆመኛለች። ዋጋችን እስከ መክፈቻው ሰዓት ለገዥውም ተቆልፎ እንደሚቆይ ያስረዳችኝም እሷ ናት። «ፖስታህ ታይቷል» የሚባለው ሐሜት ቢቀንስ ለሁላችንም እፎይታ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የፌሮው ነገር ነው። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ባለ 12 ፌሮ፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን የአርማታ ብረት፣ አርክሶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ አየሁ። ቀብድ ልልክ ቴሌብር ከፍቼ ሳለ «ጋሼ፣ ይሄ ዋጋ በቤርጋ ነው በኪሎ?» አለችኝ። በቤርጋ፣ ማለትም በአንድ ዘንግ፣ ነው። ካልኩሌተሯን አወጣች። ደህናው ባለ 12፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ከሆነ፣ አንዱ ቤርጋ 10 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ ይመዝናል። «እስቲ የአንዱን ክብደት ጽፎ ይላክልዎት።» ሰውዬው ሲያንገራግር ቆይቶ «9 ኪሎ ገደማ» ብሎ ጻፈ። ይሄ እኮ ባለ 11 እንጂ ባለ 12 አይደለም! ከብረቱ 16 በመቶ ያህሉ የለም ማለት ነው። በኪሎ ሲመታ ማጓጓዣው ሳይጨመር እንኳ አዘዞ መንገድ ላይ ከምገዛበት ሱቅ ይወደዳል። ኪስ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ምሰሶው የተሰላው በባለ 12 ነው። ልጅቷ ፌሮ ሸጣ አታውቅም። የተቋራጭ ወረቀት ስትጽፍ ስለምትውል ነው መሰለኝ ጆሮዋ ሁሉን ለቅሞታል።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ የማዘው ሁሉ በጽሑፍ ሆኗል። የብረቱ ክብደት፣ የሲሚንቶው ዓይነት ኦፒሲ ይሁን ፒፒሲ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚችል፣ የጎደለውን ማን እንደሚተካ። ቀሪው ክፍያ የሚለቀቀው ዕቃው ጎንደር ገብቶ ከተመዘነ በኋላ ነው። ቻቱን እንዳታጠፉ ትላለች፣ እውነቷን ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ፣ ቁጥር 1205/2012፣ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። በስልክ የተባባልነውንማ ማን ያስታውሰዋል?

እንግዲህ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው አልልም። ኔትወርክ ሲጠፋ እሷም እንደኛው እጇን አጣጥፋ ነው የምትቀመጠው። ኮስተር ትላለች፣ አትቀየሟት። ሥራ ላይ ከሆነች ስልክ አታነሳም፣ እሱ ትንሽ ያናድዳል።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የምትሄዱ ሰዎች፣ በመዝጊያው ቀን አትሂዱባት። ሰዓቱ ሲሞላ ሥርዓቱ ራሱ ይዘጋል፤ «በር ላይ ደርሻለሁ፣ አንዴ ጠብቁኝ» የሚባል ልመና የለም። የሰነዶቻችሁን ዋናውን (ኦሪጅናሉን) ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ አትቀበልም።