ኮናንን ወደ ጠረጴዛ ማምጣት፦ የሞዲፊየስ ጨዋታ ሲፈተሽ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የጎራዴና የአስማት ጀግናውን ኮናንን ወደ ሮል ፕሌይንግ ጌም (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው አብረው ታሪክ ወደሚሠሩበት የጠረጴዛ ጨዋታ) ለማምጣት ከተሞከሩት ውስጥ ለእኔ ምርጡ የአሳታሚው የሞዲፊየስ «ኮናን፦ አድቬንቸርስ ኢን አን ኤጅ አንድሪምድ ኦፍ» ነው። ከባድ ጨዋታ ነው፣ አንዳንዴም ያደክማል። ግን ያዘጋጁት ሰዎች ኮናንን በደንብ አውቀውታል።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሃዋርድ ኮናንን ለአጭር ልቦለድ ነው የፈጠረው። በ1932 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በታተመው ታሪክ ሰውዬው ንጉሥ ነው፣ በኋላ በወጡት ደግሞ አንዴ ወጣት ሌባ፣ አንዴ ቅጥረኛ ወታደር፣ አንዴ የባሕር ወንበዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቅደም ተከተል የለም። ባለፈው ታሪክ የዘረፈው ወርቅ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅም የለም፣ ብዙ ጊዜ ኪሱ ባዶ ሆኖ ነው የምናገኘው። የለመድነው ሮል ፕሌይንግ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፦ ወርቅ ትሰበስባለህ፣ የተሻለ ጋሻ ትገዛለህ፣ ደረጃ ትወጣለህ፣ ሁሉም ነገር ይጠራቀማል። ሁለቱ እንዴት ይገጥማሉ?

የጨዋታ አሳታሚው ቲኤስአር በ1984 እ.ኤ.አ. «ኮናን አንቼይንድ!»ን ሲያወጣ የሄደበት መንገድ ቀላል ነበር። የራሱን ታዋቂ ሮል ፕሌይንግ ጌም፣ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሕግ ወሰደ፣ የዕድል ነጥብ ጨመረበት፣ ቁስል ቶሎ እንዲሽር አደረገ፣ ኮናንን ራሱንም ተዘጋጅቶ ያለቀ ገጸ ባሕርይ አድርጎ ሰጠ። ለዘመኑ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አንዱ ኮናንን ሲይዝ ሌሎቹ ምን ሊሆኑ ነው? አጃቢ ከመሆን አያልፉም።

ሞዲፊየስ ሌላ መንገድ መረጠ። ኮናን የኖረበት ዓለም የሚሠራበትን መንገድ ወደ ሕግ ለወጠው፣ ኮናንን ግን ለማንም አልሰጠም። ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሰው ይፈጥራሉ፣ ሕጉ ደግሞ እንደ ኮናን እንዲያስቡ ይገፋቸዋል።

ዳይሱ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁለት ባለ 20 ፊት ዳይስ ትወረውራላችሁ፣ ከችሎታችሁ ቁጥር እኩል ወይም በታች የወጣው ሁሉ እንደ ስኬት ይቆጠራል። ከሚያስፈልገው በላይ ካገኛችሁ ትርፉ ሞመንተም ይባላል፣ ቡድኑ እስከ ስድስት ድረስ አብሮ ያስቀምጠዋል። ከፈለጋችሁ እስከ ሦስት ተጨማሪ ዳይስ መግዛት ይቻላል። ሞመንተም ካለቀባችሁስ? ለአጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩን ለሚመራው ሰው፣ ዱም የሚባል ጠጠር ትሰጡታላችሁ።

ጨዋታውን ያስወደደኝ ይሄ ጠጠር ነው። አስቡት፣ አንዷ ተጫዋች የጠንቋዩን ግንብ እየወጣች ነው፣ ከታች ዘበኛ ችቦ ይዞ እየመጣ ነው፣ ሞመንተም የሚባል ነገር የለም። ሁለት ጠጠር ገፋ አድርጋ ለአጫዋቹ ሰጠችና አራት ዳይስ ወረወረች። አለፈች፣ መስኮቱ ላይ ደረሰች፣ ሁሉም ደስ አለው። ጠጠሮቹ ግን አጫዋቹ ፊት ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ያያቸዋል። ትንሽ ቆይቶ እንቁውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ አጫዋቹ አንዱን ጠጠር አንስቶ «መብራቱ ጠፋ» ይላል፣ ከዚያ ሌላውን ያነሳል፣ ጨለማው ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። ክፉው ነገር የመጣው ከሰማይ ዱብ ብሎ አይደለም፣ እሷው ራሷ የከፈለችው ነው። ድፍረት አሁን ያዋጣል፣ ሒሳቡ በኋላ ይመጣል። ኮናንም የሚኖረው እንደዚሁ ነው።

ውጊያውም ጥሩ ነው። ተራ ጠላቶች ቶሎ ይወድቃሉ፣ ስለዚህ አንድ ሰው ብዙ ዘበኛ ሲያራግፍ ነገሩ አይንዛዛም። ማስፈራራትም እንደ ጎራዴ መሣሪያ ነው፦ አንዱን ገድላችሁ ደም እንደለበሳችሁ ወደ ቀጣዩ ስትዞሩ ወኔውን መስበር ትችላላችሁ። ወኔው የፈሰሰ ሰው ጫፉ ሳይነካ ከውጊያ ሊወጣ ይችላል። ይሄን ስታነቡ ቀላል ይመስላል፣ ጠረጴዛ ላይ ግን ዝም ያለውን ተጫዋች ሳይቀር ያነቃል።

የወርቁንም ጥያቄ መልሰውታል። ከጀብዱ እስከ ጀብዱ ባለው ጊዜ ገጸ ባሕርያቱ መኖሪያ ይከፍላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ዳይስ ተወርውሮ ምን እንደገጠማቸው ከሰንጠረዥ ይነበባል። ቀጣዩ ጀብዱ ሲጀምር ኪሳቸው ሳስቷል፣ ሥራ ይፈልጋሉ። በቃ፣ ታሪኩ ተነሳ ማለት ነው። አስማቱም ርካሽ አይደለም፦ የሚያስተምር ጌታ ያስፈልጋል፣ ጌታው ውለታውን ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ድግምት ደግሞ የደጋሚውን ወኔ ይበላል።

አሁን ወደ ሚያናድደው። ሕጉ ብዙ ነው፣ ተበታትኗልም። አንድ ነገር ለማጣራት ወፍራሙን መጽሐፍ ወዲያ ወዲህ ስታገላብጡ የውጊያው ሙቀት ይበርዳል። ሞመንተም፣ ዱም፣ ፎርቹን (የዕድል ነጥብ)፣ ጉልበት፣ ወኔ፣ ቁስል፣ ሁሉንም መከታተል አለባችሁ። ጉዳትን የሚወስነው ባለ 6 ፊት ዳይስ ላይ ሦስትና አራት ባዶ ናቸው፣ አምስትና ስድስት ልዩ ምልክት አላቸው፣ ይሄን ዓይን እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያጫውት ሰው አልመክረውም። እንዲህ ፈጣን የሆነ ጀግና ይሄን ያህል የሒሳብ ሥራ ባይከተለው ደስ ይለኝ ነበር።

ለማጫወት ካሰባችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ኮናንን ከጠረጴዛው አርቁት። ስሙ መጠጥ ቤት ውስጥ ይነሳ፣ ያፈረሰው ቤተ መቅደስ ይታይ፣ እሱ ግን አይምጣ፣ ከመጣ የተጫዋቾቹ ሥራ ይቀማል። ሁለተኛ፣ ታሪኩን በቅደም ተከተል አታስኬዱት። ዛሬ በረሃ ውስጥ ያሉ ሌቦች፣ በሚቀጥለው መርከብ ላይ ያሉ ወንበዴዎች፣ መሐል ላይ ምን ሆነ የሚለውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይሙሉት። ጀብዱውንም ከመንገዱ ሳይሆን ከግድግዳው ላይ ጀምሩት፣ ገመዱ መበጠስ ሲጀምር።

ሞዲፊየስ መጽሐፉን ማሳተም ስላቆመ አሁን የሚገኘው ሁለተኛ እጅ ነው። ካገኛችሁ ዋናውን መጽሐፍ ብቻ ግዙ፣ ለረጅም ጊዜ ይበቃችኋል። ተጨማሪ ካማራችሁ «ኮናን ዘ ቲፍ» ይቅደም፣ ምክንያቱም የሌባ ጀብዱ ለጥቂት ሰዎችና ለአንድ ምሽት ከሁሉም ይመቻል።